የአንድ ጥማድ ሒሳብ



የዛሬው ርዕሴ ትንሽ መሬት ያላቸው አርሶ አደሮች በስልክ፣ በቪዲዮና በሳተላይት የሚመጣላቸውን አገልግሎት እንዴት የራሳቸው ሊያደርጉት እንደሚችሉ ነው። በዚህ ጉዳይ በተጠራ ስብሰባ ሁሉ አንድ ቅሬታ ሳይነሣ አይቀርም። «ገበሬው አዲስ ነገር ቶሎ አይቀበልም» ይባላል፤ ቀጥሎም ግንዛቤ ማስጨበጫ እንዲሰጠው ይወሰናል። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። ምክንያቴን ከአንድ ወረዳ ልጀምር።

በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ መሬት አሲዳማ ነው። እህሉ ከዓመት ዓመት እያነሰ ሲመጣ የወረዳው አርሶ አደሮች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዝርያ መትከል ያዙ። ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክሉታል። ከዚያ ከሥሩ የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳሉ። አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጠው ያከስሉታል፣ ከሰሉም በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል፤ መሬቱ ደግሞ ተመልሶ ለእህል ይታረሳል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወረዳው መልክ ከሳተላይት ፎቶ ላይ እስኪታወቅ ድረስ ተለወጠ። ነገሩን እንዲህ ያስፋፋው ትልቁ ኃይል ጎረቤት ነው፤ አንዱ የሌላውን ገቢ እያየ ተከለ። በርበሬም፣ በቆሎም፣ ድንችም ከባሕር ማዶ መጥተው ነው የእኛ የሆኑት። ይህን ሁሉ የተቀበለን ሕዝብ «አዲስ ነገር አይወድም» ብሎ ማማት ሐቅ አይደለም።

ታዲያ የምናቀርብለትን የስልክ አገልግሎት ለምን አንዳንዴ ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል? መልሱ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አርሶ አደር አማካይ ይዞታ ከአንድ ሄክታር በታች ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ይሆናል። ሦስት ጥማድ ያለው ሰው አንዷን ለሙከራ ሲሰጥ የዓመት ቀለቡን ሲሶ ማስያዙ ነው። መካሪው ቢሳሳት ደመወዙ አይቀርበትም። መተግበሪያውን የሠራው ድርጅት ስህተቱን በሚቀጥለው ወር አርሞ ያወጣዋል። አርሶ አደሩ ግን የሚያርመው በሚቀጥለው ክረምት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ቤተሰቡ መብላት አለበት። ስለዚህ ጠንቃቃ ነው፤ ጥንቃቄውም ዕውቀት ነው። መመርመር ያለበት መሣሪያው ይመስለኛል፦ የዚህን ሰው ስጋት በምን ቀነሰለት? ዛሬ የማነሣቸውን ሁሉ በዚህ ጥያቄ እመዝናቸዋለሁ።

በሰፊው ከሚታወቀው ልነሣ። የያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2014 «8028» የሚባለውን ነፃ የስልክ መስመር ከፈተ። አርሶ አደሩ ይደውላል፣ ቋንቋውን በቁጥር ይመርጣል፣ ከዚያ ሰብሉን፣ ከዚያ የደረሰበትን የሥራ ደረጃ፤ መሬት ዝግጅት ይሁን፣ ዘር፣ ማዳበሪያ ወይም አረም። የተቀዳው ድምፅ ይነግረዋል። ስማርት ስልክ አያስፈልገውም፣ ማንበብ አያስፈልገውም፣ ካርድ አይቆጥርበትም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሚሊዮኖች ደወሉ። እንግዲህ «አይቀበልም» የተባለው ሰው ይኸው ነው። ስልኩ ቁልፍ ስልክ መሆኑን፣ ባትሪውን የሚያስሞላው በገበያ ቀን ከተማ ሲወጣ መሆኑን፣ ጆሮው ከዓይኑ ይልቅ ለትምህርት የቀረበ መሆኑን አስቀድሞ ያሰበ ሥራ ስለነበር ተጠቀመበት። ጉድለቱም ከዚያው ይመነጫል። የተቀዳ ድምፅ ስለ ስንዴ በጠቅላላው እንጂ ስለዚያ ሰው ዳገት ወይም ረባዳ አይናገርም። ምርምሩ ደግሞ ልዩነቱ ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል፤ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ እንኳ ያው ማዳበሪያ በረባዳው ላይ የሚያመጣውን ምርት በዳገቱ ላይ አያመጣም፣ የዳገቱ አፈር ታጥቧልና። ለዳገቱ ባለቤት የረባዳውን ምክር መስጠት ብሩን በጎርፍ እንደማስወሰድ ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው ልለፍ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ እፈልጋለሁ። ዲጂታል ግሪን የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ሕንድ ባንጋሎር በሚገኘው የማይክሮሶፍት የምርምር ማዕከል እንደ ጥናት ተጀምሮ በኋላ ራሱን የቻለ፣ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ነው። አሠራሩን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ቀኑ መሽቷል፣ ሃያ ሠላሳ ሰው አንድ ግቢ ውስጥ ተሰብስቧል። የልማት ሠራተኛዋ በእጅ የምትያዝ፣ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ከፍታ ግድግዳ ላይ በተወጠረ ነጭ አንሶላ ምስሉን ትለቃለች። የሚታየው ከአጎራባች ቀበሌ የሆነ አርሶ አደር ነው። በገመድ መስመር አስምሮ ጤፍ ይዘራል፤ ዘሩን ከወትሮው አሳንሶ ነው የያዘው። ቪዲዮው አጭር ነው። እሷ መካከል ላይ ታቆመውና «እዚህ ላይ ምን አደረገ?» ትላለች። አንዱ ይመልሳል፣ ሌላው ይከራከራል፣ አንዲት እናት «ለመስመሩ የሚፈጀውን ጉልበት ማን ይሸፍናል?» ብላ ትጠይቃለች። የልማት ሠራተኛዋ ጥያቄውን ትመዘግባለች፣ ማን ሊሞክረው እንዳሰበ ትጽፋለች፣ በኋላ ማሳው ድረስ ሄዳ ታረጋግጣለች።

ሥራውን የጀመሩት ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ። ተመልካቹ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ሰውዬ ማን ነው? የየት ቀበሌ ነው?» ብሎ ነው። ስለ ዘዴው የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ይህን ጥያቄ እጅግ አከብረዋለሁ። ሰውየው ስጋቱን እየለካ ነው። የሚታየው ሰው አፈሩ እንደኔ ከሆነ፣ በሬው እንደኔ ከሆነ፣ ከስሮም ከነበረ የምጠይቀው ቅርብ ሰው አለኝ ማለቱ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቀበሌዎችን በዕጣ መድቦ ባደረገው ጥናት ቪዲዮው የታየባቸው ቀበሌዎች ከሌሎቹ ይልቅ በጤፍ፣ በስንዴና በበቆሎ የተመከረውን አሠራር በተሻለ ሁኔታ ተረድተው ሥራ ላይ አውለዋል። ፕሮጀክተሩ ብቻውን ይህን አላደረገም። ቪዲዮውን እያቆመች የምትጠይቀው ሴት ከሌለች ነገሩ ፊልም ማየት ሆኖ ይቀራል።

ለዚህ ነው የልማት ሠራተኛውን ስም ሳላነሣ የማላልፈው። በየቀበሌው የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ተብለው የተመደቡት ወጣቶች ለዚህ ሥራ ዋና ድልድይ ናቸው። ግን ምን እያሠራናቸው ነው? የማዳበሪያ ዕዳ ይሰበስባሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ፣ ሪፖርት ይሞላሉ። ዕዳ ሊጠይቀኝ የመጣን ሰው በማግሥቱ ስለ ዘሬ ሲመክረኝ በሙሉ ልብ ልሰማው አልችልም። ታብሌት ከመስጠታችን በፊት ይህን ሸክም እናውርድላቸው።

እስካሁን ያነሣሁት ስለ ምክር ነው፤ አሁን ወደ ማስጠንቀቂያ ልለፍና ስለ ስንዴው በሽታ ስለ ዋግ ልናገር። ስንዴ አብቃይ የሆነ ሰው እ.ኤ.አ. የ2010ን ዓመት አይረሳም፤ ቢጫ ዋግ ከ600,000 ሄክታር በላይ ስንዴ መታ፣ ኩብሳ የሚባለው ተወዳጅ ዝርያ ዓይናችን እያየ ወደቀ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በአርሲና በባሌ ዲገሉ የሚባለውን ዝርያ ግንድ ዋግ አነደደው። የዋግ ዘር በዓይን አይታይም፣ ነፋስ ተሳፍሮ ከአገር አገር ይሻገራል። ምልክቱ ማሳው ላይ በሰፊው ሲታይ ጊዜው አልፏል፤ ርጭት የሚጠቅመው ቀድሞ ሲደርስ ነው።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ እኛ ልንኮራበት የሚገባ ነው። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሜትዎሮሎጂ ተቋም ጋር የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ። ባለሙያዎች በየማሳው ያዩትን በስልክና በታብሌት ይልካሉ። ኮምፒውተሩ ያንን ከነፋሱ አቅጣጫ፣ ከዝናቡና ከሙቀቱ ጋር አገናኝቶ የዋጉ ዘር በሚቀጥሉት ቀናት የት እንደሚያርፍ ይተነብያል። ማስጠንቀቂያው ወደ ክልልና ወደ ወረዳ ይወርዳል፣ በ8028 በኩልም ወደ አርሶ አደሩ ስልክ የተላከበት ጊዜ አለ። ለዘላቂ ግብርና ያለው ትርጉም ትልቅ ነው። መቼ እንደሚረጭ የማያውቅ ሰው ወይ ፈርቶ በየሳምንቱ ይረጫል፣ ወይ አንዴም ሳይረጭ ሰብሉን ያጣል። ቀኑን ያወቀ ሰው በጥቂት መድኃኒት ያድናል፤ ውኃውም፣ ንቡም፣ ኪሱም ይተርፋል።

እዚህ ላይ ፋግታ ለኮማን ደግሜ ላንሣ። በቅርብ ዓመታት ያንን ዲከረንስ በሽታ ገብቶበት ብዙ ዛፍ አድርቋል። ለስንዴ የተዘረጋው ማስጠንቀቂያ ዛፉን አያካትትም። አርሶ አደሮቹ ቀድመውን ሄዱ፣ እኛ አልተከተልናቸውም። ወጣት ተመራማሪዎች ሥራ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ፤ ገበሬው ራሱ ወደ መረጠው ነገር ሂዱና እሱን ጠብቁለት።

ማስጠንቀቂያው ብቻውንም አይበቃም። መልእክቱ ማክሰኞ ደርሶ መድኃኒቱ በአሥራ አምስተኛው ቀን ኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን ቢገባ መልእክቱ ጭንቀት ከመጨመር በቀር ምን ሠራ? የአፈርን አሲድ በሚያበርደው በኖራ ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 43 በመቶ ገደማው አሲዳማ ነው ይባላል። የአገሪቱን አፈር በካርታ የማስፈር ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተጀመረ ወዲህ የት ምን እንደጎደለ ብዙ አውቀናል፤ ለዘመናት ለሁሉም መሬት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ሲታዘዝ ከኖረው አሠራር የወጣነው በዚያ ነው። ካርታው «ይህ ማሳ ኖራ ይፈልጋል» ይላል። ስልኩም ያንኑ ይደግማል። እንግዲህ እናስላ። ኖራ እንደ አሲዱ መጠን በሄክታር 20፣ 30 ኩንታል ሊጠይቅ ይችላል። ለአንድ ጥማድ አምስት ኩንታል ያዙለት። ማዳበሪያ በኪሎ ቆጥሮ የሚገዛ ሰው አምስት ኩንታል ድንጋይ ዱቄት ከወረዳው መጋዘን በአህያ አመላልሶ፣ በትኖ፣ አርሶ፣ ውጤቱን ለማየት ደግሞ ወቅት ይጠብቃል። ያም ኖራው ከተገኘ ነው። አቅርቦት የሌለው ምክር ላም አለኝ በሰማይ ነው። የአዊ ገበሬ ለዚያው አሲድ ዛፍ ሲተክል ያደረገው ሒሳብ አሁን ይገባችኋል፤ ችግኝ በሸክም ይመጣል።

ስጋትን በቀጥታ የተጋራ ሙከራም ታይቷል። በትግራይ አዲ ሐ በምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ2009 ኦክስፋም አሜሪካ ከማኅበረ ረድኤት ትግራይ ጋር ሆኖ ለ200 ቤተሰቦች የጤፍ የዝናብ መድን አስጀመረ። ሳተላይቱ ዝናቡን ይለካል፤ ከተወሰነ በታች ከወረደ ክፍያው ይመጣል፣ ማሳ የሚጎበኝ ገማች አያስፈልግም። ገንዘብ ያጠረው የመድኑን ዋጋ በጉልበቱ ይከፍላል፤ እርከን ይሠራል፣ ኮምፖስት ያዘጋጃል፣ ውኃ የሚይዝ ሥራ ይሠራል። በኋላ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገብቶበት ወደ ሌሎች አገሮችም ተስፋፋ። ሳተላይቱ ዘንቧል ባለበት ቀን የአንዱ ማሳ ደርቆ ሊያድር ይችላል፤ ይህ ጉድለት ዛሬም አልተፈታም። የሐሳቡ ፍትሐዊነት ግን ልቤን ይነካዋል። ሰውየው መሬቱን ሲጠብቅ መሬቱ ባልሰጠበት ዓመት የሚደግፈው አለ።

ሌላው የሚያሳስበኝ የመረጃው ባለቤትነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተጨፈጨፈበት መሬት የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል። ስለዚህ እያንዳንዱ የቡና ማሳ የት እንዳለ በቁጥር መታወቅ አለበት፤ ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ዙሪያው ይለካል። የሕጉ ተፈጻሚነት ሲራዘም ቢቆይም ዝግጅቱ ግን እየተካሄደ ነው፤ በጅማ፣ በካፋ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ ስልክ የያዙ ወጣቶች ከማሳ ማሳ እየዞሩ ነጥብ ይይዛሉ። የእነዚህ ቡናዎች ብዙው በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል፣ ደኑንም ያቆየ ቡና ነው። ባለቤቱ ሥራው ስለተመሰከረለት ሊጠቀም ይገባዋል። ነገር ግን ያ ነጥብ ከተያዘ በኋላ የማን ነው? ላኪው ጋ ብቻ ከተቀመጠ አርሶ አደሩ ለሌላ ገዢ መሸጥ ሲፈልግ እጁ ይታሰራል። ነጥቡ ለእሱም ይሰጠው፣ በማኅበሩ መዝገብ ይግባ፣ ወደፈለገበት ገዢ ይዞት ይሂድ።

ሴቶችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ላሳያችሁ። በአማራ ክልል ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ እንዲሰፍር ተደረገ። ብዙ ትግል ያመጣው ታላቅ እርምጃ ነው። አሁን በምንሠራቸው የምክር አገልግሎቶች ግን ለአንድ ቤት አንድ ስልክ ቁጥር እንመዘግባለን፤ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ የባልየው ነው። ዘር የምትመርጠው፣ የምታርመው፣ ጎተራውን የምትጠብቀው እሷ ሆና ሳለ መልእክቱ ገበያ በሄደው ሰው ኪስ ውስጥ ይጮኻል። በደብተሩ ላይ ያገኘችውን ቦታ በመዝገቡ ላይ አንንጠቃት። ሁለት ቁጥር መመዝገብ ከባድ ሥራ አይደለም።

በአሁኑ ጊዜ ደግሞ በአማርኛ ተጠይቆ በአማርኛ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ተስፋ አለኝ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው በድምፁ ጠይቆ መልስ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ማሽኑ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ የመድኃኒት መጠን ቢናገርስ? አርሶ አደሩ ከማን ጋር ይሟገታል? መጠንና ጤንነትን በሚነካ ጉዳይ መልሱ በአገሩ የምርምር ማዕከል ከተመረመረ ጽሑፍ ብቻ እንዲመጣ፣ ካላወቀም «ልማት ሠራተኛህን ጠይቅ» እንዲል ማድረግ የግድ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋም ምን እንደሚሆን እናስብ። በግጭት ምክንያት በአገራችን ሰፊ አካባቢዎች ኔትወርክ ለወራት ተቋርጦ አይተናል። ተባይና ዋግ ግን አይቋረጡም። ሬዲዮውም፣ የገበያ ቀን ወሬውም፣ የታተመ ወረቀቱም ከጎን ይቆዩ።

ወጣቶች፣ እንግዲህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ነገ የሠራችሁትን መተግበሪያ ይዛችሁ ወደ አንድ ቀበሌ ስትወርዱ፣ ከአገልግሎቱ ዝርዝር ጋር አንድ ገጽ ውል ይዛችሁ ሂዱ። አርሶ አደሩ ምክራችሁን ተከትሎ የሞከራት ጥማድ ከጎረቤቱ ማሳ በታች ካመረተች ልዩነቱን ማን እንደሚከፍል በዚያ ውል ይጻፍ፤ ድርጅቱ ይሁን፣ መድኑ ይሁን፣ ገንዘቡን የሰጠው ለጋሽ ይሁን። የገንዘብ ምንጩን የምትመድቡ ኃላፊዎችም ለሥልጠናና ለስብሰባ የምትመድቡትን ያህል ለዚህ መድቡ። ውሉን በቋንቋው አንብቡለት፣ ሚስቱም ትስማ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ይህን ለመጻፍ ያልደፈረ ድርጅት በራሱ ምክር አያምንምና ቀበሌው አይቀበለው።